የሠርጉ ዲቪዲ ለምን መልሱ ላይ ይቆማል? ስለ ማቃጠያ ፍጥነትና ስለ አሮጌ ዴኮች

የእህቴ ሠርግ ደሴ ላይ ተደግሶ፣ መልሱና ቅልቅሉ አልፎ፣ ቪዲዮው በዲቪዲ ተሠርቶ ሲመጣ አንዱን ቅጂ ሐይቅ ለምትኖረው አክስቴ ይዤላት ሄድኩ። የአክስቴ ዲቪዲ ዴክ ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ፣ በዕድሜ ከሙሽራዋ ብዙም የማያንስ ዕቃ ነው። ቡናው እየተቆላ ዲስኩን ከተተችው። ጥሎሹ ታየ። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ ታየ። መልሱ ላይ ሲደርስ ግን ምስሉ በካሬ በካሬ ተሰባበረ፣ ድምፁ ተንተባተበ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። አክስቴ አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና መለሰችው። አሁንም መልሱ ላይ ቀጥ። ሦስተኛም ሞከረች።

«አንተ፣ ይኸ ዕቃ ምን አድርገነው ነው መልሳችንን የሚጠላው?» አለችኝ።

ያንኑ ዲስክ ደሴ መልሼ ኮምፒውተሬ ውስጥ ብከተው ያለ ምንም ችግር እስከ መጨረሻው ሄደ። ያቃጠለው ልጅ «ዲስኩ ደህና ነው፣ ዴኩ ነው ያረጀው» አለ። አክስቴ በበኩሏ «ዴኩማ ሌላውን ሁሉ ያጫውት የለም እንዴ? ዲስኩ ነው እንጂ» ባይ ናት። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ቀሪውን ለማግኘት ዲስኩ በስንት ፍጥነት እንደተቃጠለ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዛሬ ሁሉ ነገር በፍላሽና በቴሌግራም በሚላክበት ዘመን ስለ ሲዲ ማውራት ያለፈበት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ፍላሽ የማይቀበል ቴፕ የተገጠመላቸው ሚኒባሶች አሁንም ሀረጎን ይወጣሉ ይወርዳሉ። መንዙማውን በሲዲ የሚሰማ ሽማግሌ አለ፤ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮውንም በእጅ በሚያዝ ነገር ካልተረከበ የተረከበ የማይመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለ ፍጥነቱ ደግሞ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚተላለፍ አንድ የተሳሳተ ምክር አለ። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ከሥሩ እንጀምር።

«ማቃጠል» ሲባል የእውነት የሚቃጠል ነገር አለ?

አለ። ፋብሪካ ውስጥ የሚታተም ኦሪጅናል ሲዲና እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚቃጠል ሲዲ ሲያዩዋቸው ይመሳሰሉ እንጂ አሠራራቸው ለየቅል ነው። ኦሪጅናሉ እንደ ማኅተም ነው፤ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያሉበት ቅርጽ ፕላስቲኩ ላይ ተጭኖ ይወጣል፣ ላዩ በአሉሚኒየም ይለበጣል። ባዶ ሲዲ ግን ከፕላስቲኩና ከሚያብረቀርቀው ንጣፍ መካከል ስስ የቀለም ሽፋን አለበት። አንዳንዱ ሲዲ ከሥሩ አረንጓዴ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ፈዛዛ ወርቃማ የሚመስለው ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት የቀለም ዓይነት ስለሚለያይ ነው። ማቃጠያው ጠንከር ያለ የሌዘር ብርሃን እያበራና እያጠፋ ይህን ቀለም ነጥብ በነጥብ ይለበልበዋል። የተለበለበው ቦታ ብርሃን መመለስ ያቅተዋል፤ ያልተነካው ይመልሳል። ማጫወቻው ደግሞ በደካማ ሌዘር እያየ «መለሰ፣ አልመለሰም» እያለ ያነባል። ዜማውም ምስሉም ከዚህ ውጪ ሌላ ምንም አይደለም።

ለእኔ ነገሩን ቁልጭ ያደረገልኝ ምጣድ ነው። ጥሩ እንጀራ ዓይን አለው፤ ዓይኑም እኩል እኩል፣ ዳሩ የጠራ ነው። ምጣዱ ከልክ በላይ ከጋለ ሊጡ ገና እንደተሰፋ ያርና ዓይኑ ይደፈናል። ካልጋለ ደግሞ ሊጡ ይተኛል፣ ዓይን አያወጣም። ዲስክም ላይ የሚፈለገው እንዲሁ ነው፦ ነጥቡ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ በግልጽ የሚታይ፣ ዳሩ ያልደበዘዘ ዓይን። ልዩነቱ የመጠኑ ነው። ዲቪዲ ላይ ትንሹ ነጥብ ርዝመቱ 0.4 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ላይ እንዲህ ያሉ 2,500 ነጥቦች ይደረደራሉ። የሲዲው በግምት እጥፉን ያህላል።

16 ኤክስ፣ 52 ኤክስ የሚባለው ምኑ ነው?

«ኤክስ» እጥፍ ማለት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው የሙዚቃ ሲዲ ማጫወቻ ነው፤ እሱ ዘፈኑን በሚያነብበት ፍጥነት ማንበብ 1 ኤክስ ተባለ። በዳታ ሲቆጠር በሰከንድ 150 ኪሎ ባይት ነው። የ80 ደቂቃ ሲዲ በ1 ኤክስ ቢቃጠል 80 ደቂቃ፣ በ8 ኤክስ 10 ደቂቃ፣ በ16 ኤክስ 5 ደቂቃ ይፈጃል። የዲቪዲ 1 ኤክስ ግን የራሱ መለኪያ ነው፤ በሰከንድ ወደ 1.4 ሜጋ ባይት ስለሆነ የሲዲውን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ሲዲ በ52 ይቃጠላል፣ ዲቪዲ ግን በ16 ብቻ፤ ዲቪዲ ቀርፋፋ ነው» የሚል ሰው ኪሎንና ኩንታልን እያነጻጸረ ነው።

አሁን ቁጥሩን ወደሚታይ ነገር እንለውጠው። ዲቪዲ በ16 ኤክስ ሲቃጠል ዳሩ ከሌዘሩ ፊት የሚያልፈው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ነው። ሲዲ በ52 ኤክስ ደግሞ ከ220 ያልፋል፤ በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ያ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ድምፅ የዚህ ነው። በዚያ ፍጥነት ትንሿን የዲቪዲ ነጥብ ለመለብለብ ሌዘሩ ያለው ጊዜ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሰባት እጅ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት በርቶ፣ በልኩ አግሎ፣ በልኩ መጥፋት አለበት። ትንሽ ቢዘገይ ነጥቡ ይንዘላዘላል፣ ትንሽ ቢቀድም ያጥራል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ መልሱ ላይ?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሲዲም ዲቪዲም የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር መሆኑን ነው። የሸክላ ዘፈን ከዳር ወደ መሃል ይሄድ ነበር፤ ይህ በተቃራኒው ነው። ጥሎሹ መሃሉ አካባቢ ነው፣ መልሱና ቅልቅሉ ዳሩ ላይ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ውድማ ላይ የሚታይ ነው። እህል ሲበራይ በሬዎቹ ተቀራርበው አንድ ላይ ይዞራሉ፤ መሃል ያለው እግሩን እየጎተተ ሲዞር ዳር ያለው ግን ብዙ መንገድ ስላለበት ይሮጣል። ዲስክም ሲሽከረከር መሃሉ ያዘግማል፣ ዳሩ ይከንፋል። ማቃጠያዎች በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሽከረከሩበትን ዙር አይቀያይሩም። ስለዚህ «16 ኤክስ» ተብሎ የተመረጠ ዲቪዲ መሃሉ ላይ የሚጀምረው በ6 ወይም በ7 ኤክስ ገደማ ነው፤ 16ን የሚነካው መጨረሻው ላይ፣ ዳሩ ላይ ብቻ ነው። 52 ኤክስ የተባለ ሲዲም ሲጀምር 22 አካባቢ ነው።

ያ ማለት በአንድ ዲስክ ላይ ጥሎሹ ተረጋግቶ ተጽፏል፣ መልሱ ግን እየተሮጠ። በዚያ ላይ የዲስክ ዳር በተፈጥሮው ደካማ ነው። ዲስኩ ትንሽ እንኳ ቢጣመም ጥመቱ የሚጎላው እዚያ ነው፣ የቀለሙ ሽፋንም እኩል ለመሆን የሚቸገረው እዚያው ነው፣ ስንይዘውም ጣታችን የሚያርፈው ዳሩን ነው። የአክስቴ ዴክ መልሱን የጠላው ለዚህ ነው። ዲስኩ ሙሉ ባይሆን ኖሮ፣ ቪዲዮው አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆን፣ ምናልባት ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ኮምፒውተሬ ያነበበውን ዴኩ ለምን አቃተው?

እዚህ ላይ ያቃጠለው ልጅ ግማሽ እውነት ይመጣል። ዲስክ ላይ ስሕተት የሌለበት ጽሑፍ የለም፤ ኦሪጅናሉም ስሕተት አለበት። የሚሠራው ከጽሑፉ ጋር ማረሚያ አብሮ ስለሚጻፍ ነው። ከሩቅ ዘመድ የመጣ ደብዳቤ ዝናብ ነክቶት «ሰላ_ ነህ ወ_» ቢል የጎደለውን ፊደል ማንም ይሞላዋል። «_ላ_ _ህ __» ቢል ግን ያስቸግራል። ማጫወቻውም እንደዚሁ የጎደለውን እየሞላ ይሄዳል፤ ሲዲ ላይ ተከታታይ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጉዳት እንኳ አርሞ ሊያልፍ ይችላል። ጉድለቱ ከማረሚያው አቅም በላይ ሲሆን ነው መንተባተብ የሚጀመረው።

አዲስ የኮምፒውተር ማንበቢያ ዓይኑ የጠራ ነው፤ ያቃተውን ቦታ ፍጥነቱን ቀንሶ ደጋግሞ ያነባል። አሮጌ ዴክ ሌንሱ ላይ ለዓመታት አቧራና የወጥ ቤት ጭስ ተቀምጧል፣ ሌዘሩ ራሱ በዕድሜ ይዳከማል፣ ሌንሱን ከነጥቡ መስመር ላይ የሚያቆሙት ስስ መያዣዎች ይላላሉ። ምስሉ እንዳይቋረጥ በሰዓቱ ማድረስ ስላለበት ደጋግሞ ለማንበብም ጊዜ የለውም። መነጽሩ የጠፋበት አዛውንት ማለት ነው፤ ጽሑፉ ደማቅና የተለያየ ከሆነ ያነብልሃል፣ ሰው እየተቻኮለ የሞነጫጨረውን ግን አያነብም። አክስቴ «ሌላውን ያጫውት የለም እንዴ» ያለችው ኦሪጅናሎቹን ነው፤ እነሱ ደማቅ ናቸው።

በጥድፊያ የተቃጠለና ተረጋግቶ የተቃጠለ ዲስክ አዲስ ኮምፒውተር ላይ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚወጣው አሮጌ ዴክ ላይ ነው። ለዚህም ነው በኮምፒውተር ተሞክሮ «ይሠራል» የተባለ ዲስክ ገጠር ሲደርስ የሚያሳፍረው።

ቀስ ባለ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው?

አይደለም። ያ የተሳሳተ ምክር ይኸው ነው። «ለአሮጌ ቴፕ ከሆነ በ1 ወይም በ2 ኤክስ አቃጥለው» የሚል ሰው አልፎ አልፎ ሳይሆን ሁልጊዜ ያጋጥመኛል፤ ነገሩን በእርግጠኝነት ስለሚናገረውም ለመከራከር ያስፈራል።

ምክሩ ያለ ምክንያት አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ማቃጠያዎቹ ራሳቸው ከ1 እስከ 4 ኤክስ ነበሩ፤ ባዶ ሲዲዎቹም ለዚያ ፍጥነት የተቀመሙ። በዚያ ዘመን በ1 ወይም በ2 ማቃጠል ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ግን 52 ኤክስ ተራ ነገር ሆነ፤ ፋብሪካዎቹም ሌዘሩ እያለፈ በቅጽበት የሚቀበል፣ ለትንሽ ሙቀት ቶሎ የሚበስል ቀለም መሥራት ጀመሩ። ይህን ቀለም በ1 ኤክስ ማቃጠል ሙቀቱ ነጥቡ ላይ እንዲቆይና ወደ ጎን እንዲዛመት ማድረግ ነው። የነጥቡ ዳር ይደበዝዛል፣ አንዱ ወደ ሌላው ይጠጋል። ስስ ሊጥ አስፍቶ ምጣዱ ላይ መርሳት በሉት።

ከቀለሙ ይልቅ የሚብሰው ግን የማቃጠያው ዕውቀት ነው። እያንዳንዱ ባዶ ዲስክ ውስጡ በዓይን የማይታይ መለያ አለው፤ ማን እንደሠራው፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ፍጥነት እንደሚችል ይናገራል። ማቃጠያው ይህን መለያ አንብቦ ከራሱ መዝገብ ያመሳክራል፦ «ይህን ዓይነት ዲስክ በዚህ ፍጥነት ስሠራ ሌዘሩን በዚህ ጉልበት፣ እንዲህ እያቆራረጥኩ»። ከዚያ ዲስኩ መሃል ለዚሁ በተተወ ቦታ ላይ ትንሽ ሞክሮ ጉልበቱን ያስተካክላል። ኔሮ በሚባለው የማቃጠያ ፕሮግራም ላይ «በርን» (አቃጥል) የሚለውን ከተጫኑ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ዝም የሚለው ይህን ሲያደርግ ነው፤ ባልትና ያላት ሴት መጀመሪያ አሟሽታ፣ ምጣዱን አይታ ሊጡን እንደምታሰፋው።

መዝገቡ የተሞላው ዲስኩ ይቃጠላል ተብሎ ለሚታሰብባቸው ፍጥነቶች ነው። 52 ኤክስ የሚል ሲዲን በ1 ኤክስ ማንም በጥንቃቄ ሞክሮ አልመዘገበውም። ብዙ ማቃጠያዎችም ከነጭራሹ እምቢ ይላሉ፤ ፕሮግራሙ ላይ 4 ብትመርጡም ዲስኩ ከሚቀበለው ዝቅተኛ ላይ አድርገው ይሠሩታል። «በ4 ኤክስ አቃጥዬልሃለሁ» ያለ ሰው ሳያውቀው በ16 አቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ሠርቶለት ከሆነም የሠራለት 16ቱ ነው።

አንድ ሌላ አሉባልታም አብሮ ይቅር፦ «ዴኩ 1 ኤክስ ነው የሚያነበው፣ በ48 የተቃጠለ አይችልም»። ዲስኩ ላይ የሚቀረው ነጥብ እንጂ ፍጥነት አይደለም። በፍጥነት የተጻፈ ደብዳቤ በፍጥነት ካልተነበበ አይባልም፤ ጥያቄው ጽሑፉ ይነበባል አይነበብም ነው።

እሺ፣ ስንት ላይ ላድርገው?

መሃሉን ያዙ። 48 ወይም 52 ኤክስ የሚል ባዶ ሲዲ ከሆነ፣ ለሙዚቃም ለቪሲዲም፣ ከ16 እስከ 24 ኤክስ። ለታክሲ ቴፕ ወይም ለደከመ ዴክ ከሆነ ወደ 16 ጠጋ በሉ። 16 ኤክስ የሚል ዲቪዲ ላይ 8 ኤክስ፤ ዴኩ በጣም ያረጀ ከሆነ 6 ወይም 4ን መሞከር ይቻላል፣ ከዚያ በታች ግን አያስፈልግም። 8 ኤክስ የሚል የቆየ ዲቪዲ ካገኛችሁ 4። ሁለት ንጣፍ ያለውን 8.5 ጊጋ ባይት ዲቪዲ ግን ለአሮጌ ዴክ ባትመርጡት ይሻላል፤ ሁለተኛው ንጣፍ ላይ ሲሻገር የሚቆም ዴክ ብዙ ነው። ቪዲዮው ከረዘመ በሁለት ዲስክ ይከፈል።

የሚጠፋው ጊዜ ምን ያህል ነው? ሙሉ ዲቪዲ በ16 ኤክስ 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በ8 ኤክስ 8 ደቂቃ ገደማ። ምክንያቱን ከላይ አይተናል፤ 16 የሚባለው ዳሩ ላይ ብቻ ነው። ሲዲ ላይ በ52 እና በ16 መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቅዳሜ ሠርግ ቀርጾ ለሰኞ ሃምሳ ቅጂ ቃል የገባ ሰው ደቂቃዋን ይቆጥራታል፣ አልፈርድበትም። ለቤተሰቡ የሚሰጠውን አንዱን ኮፒ ግን በ8 ቢያደርገው ምን ይጎዳዋል?

ባዶው ዲስክ ራሱ ጥራት ከሌለው ፍጥነት አያድነውም። አንድ ጥቅል ገዝታችሁ ከአምስቱ ሁለቱ ካስቸገሩ ፍጥነት እየቀያየሩ ከመድከም ሌላ ዓይነት ሞክሩ። አንድ ማቃጠያ የወደደውን ዲስክ ሌላው ሊጠላው ይችላል፤ የዚያ መዝገብ ጉዳይ ነው። እኔ የሚስማማውን ዓይነት ካገኘሁ በኋላ ስሙንና ፍጥነቱን ኮምፒውተሩ ጎን ላይ በፕላስተር ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

ፍጥነቱ ልክ ሆኖም እምቢ ካለስ?

ያኔ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፍጥነት አይደለም፣ ዴኩ የማያውቀውን ነገር ሰጥታችሁት ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የዲስኩ ዓይነት ነው። ተደጋግሞ የሚጻፍበት ሲዲ-አርደብልዩ የሚመልሰው ብርሃን ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ኦሪጅናሉና አንዴ የሚጻፍበት ሲዲ-አር ግን ከ65 በመቶ በላይ ይመልሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1997 በፊት የተሠራ ማጫወቻ አርደብልዩ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ በምንም ፍጥነት ቢቃጠል «ዲስክ የለም» ይላል። በዲቪዲ በኩል ማይነስ አር እና ፕላስ አር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ማይነሱ ቀድሞ የመጣ ስለሆነ ከቆዩ ዴኮች ጋር በብዛት ይስማማል። ያላችሁ ፕላስ ብቻ ከሆነ፣ አንዳንድ ማቃጠያዎች ዲስኩ ራሱን «ዲቪዲ ሮም ነኝ» ብሎ እንዲያስተዋውቅ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው፤ ዴኩ ያኔ እንደ ኦሪጅናል ቆጥሮ ይቀበለዋል። ትንሽ ውሸት ናት፣ ግን ትሠራለች።

ቀጥሎ ዲስኩ መዘጋቱን እዩ። ፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ «ፋይናላይዝ» የሚለው የመዝጊያ ሥራ ካልተሠራ ማውጫው ስለማይጻፍ ኮምፒውተር ያነበዋል፣ ዴክ ግን ባዶ ነው ይለዋል። ለታክሲ የሚሰጥ ሲዲ ላይ የሚፈጠረው ሌላው ስሕተት የኤምፒስሪ ፋይሎችን እንዳሉ ገልብጦ መስጠት ነው። የቆየ ቴፕ የሚያውቀው «ኦዲዮ ሲዲ» የሚባለውን ብቻ ነው፤ 80 ደቂቃ የሚይዘውን። መቶ ምናምን መንዙማ በአንድ ሲዲ ላይ ካላችሁ ኦዲዮ ሲዲ አይደለም ማለት ነው።

መንዙማን ካነሳን አይቀር፣ አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል። በአንድ ሌሊት ሐድራ ላይ ሳይቋረጥ የተቀረጸ መንዙማ ለመፈለግ እንዲመች በየክፍሉ ይከፋፈልና ይቃጠላል። ስትሰሙት ግን አውጪው ግጥሙን ጨርሶ ጀማው ሊቀበል ሲል ሁለት ሰከንድ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ ከቀረጻው አይደለም። ማቃጠያው እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው እየጻፈ፣ እያጠፋ፣ እንደገና እየጀመረ ስለሠራው በየመሃሉ የገባ ክፍተት ነው። ፕሮግራሙ ላይ «ዲስክ አት ዋንስ» የሚለውን ብትመርጡና በየክፍሉ መካከል ያለውን ክፍተት ዜሮ ብታደርጉት ሌዘሩ ሳይጠፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጽፈዋል። ጀማው በሰዓቱ ይቀበላል፣ አሮጌ ማጫወቻም እንዲህ የተጻፈውን ይበልጥ ይወደዋል።

አያያዙ ላይ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። ሲዲ ላይ ግን ጽሑፉ ያለው ከስሙ ፊት ሥር፣ በስስ ቫርኒሽ ብቻ ተሸፍኖ ነው። ከታች በኩል ያለው ጭረት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ከላይ በኩል በእስክሪብቶ ተጭኖ የተጻፈ ስም ግን ዘፈኑን ይዞ ይሄዳል። ለስላሳ ማርከር ተጠቀሙ። ክብ ስቲከር መለጠፍም ዲስኩን ያዛባዋል፣ በተለይ ዲቪዲ ላይ ዳሩን ያስነብበዋል ብላችሁ አትጠብቁ። መጥረግ ካስፈለገ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ እንጂ እንደ አክስቴ በክብ አይደለም፤ በክብ የሄደ ጭረት የጽሑፉን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ብዙ ነጥብ በአንዴ ያጠፋል። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ የመኪና መስታወት ሥር የተረሳ ሲዲ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ፀሐይ ስለማይወድ ዕድሜው አጭር ነው።

በምን ላረጋግጥ?

ፕሮግራሙ ሲጨርስ «ቬሪፋይ» ብሎ የሚያነበው ያው ራሱ የጻፈው ማሽን ነው፤ የራሱን እጅ ጽሑፍ ማንበብ ለማንም አያቅትም። ስለዚህ አሮጌ ዴክ አንድ ቦታ ፈልጉ። አንድ የማውቀው ቪዲዮ ቀራጭ ፒያሳ ያለው ቤቱ ጥግ ላይ ማንም የማይገዛው፣ ክዳኑ የተሰበረ ዴክ አለው። ለምን እንደማይጥለው ስጠይቀው «ይኼ ካለፈው ወሎ ውስጥ የማያሳልፈው ዴክ የለም» አለኝ። ሲሞክርም ከመጀመሪያው አይሞክርም፤ ቀጥታ ወደ መጨረሻው አሥር ደቂቃ ይዘላል።

የእህቴን ሠርግ እንደገና ያቃጠልኩት በማይነስ አር፣ በ8 ኤክስ፣ ዘግቼ ነው። ያን ክዳኑ የተሰበረ ዴክ አለፈ። ሐይቅ ስወስደው አክስቴ ጥሎሹን ሳታይ «ወደ መልሱ ውሰደኝ» አለችኝ። መልሱ ሄደ፣ ቅልቅሉም ሄደ፤ እሷ ራሷ እስክስታ ስትመታ ስትታይ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሁለቴ አይታው ሲያበቃ ዲስኩን አውጥታ ወደ ዳንቴሉ ሥር እየከተተች፣ «ጅዳ ላለችውስ እንዴት ነው የምትልክላት? እሷ ያለችበት ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ የለም አሉ» አለችኝ።